75 ሊትር ባሕር

በፈረንጆቹ ጁላይ 2023 አንድ ሌሊት ስልኬ ጠራ። እኔ ለሥራ ወጥቼ አትላንታ፣ ሆቴል ውስጥ ነበርኩ። ደዋዩ ሜሪላንድ አፓርታማዬ ውስጥ ብቻውን የተውኩት አባቴ ነው። በዚያ ሰዓት የአባት ስልክ ሲጠራ ሐሳብ ወዴት እንደሚሮጥ የደረሰበት ያውቀዋል።

«እኔ ደህና ነኝ ልጄ» አለኝ ገና ከማንሳቴ። «የታመመው ባሕርህ ነው። ሙቀቱ 31 ከ4 ይላል።»

ባሕር የሚለው ሳሎኔ ጥግ ላይ ያለውን የመስታወት ገንዳ ነው። 75 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ በመጠኑ ከአንድ የልብስ ሻንጣ ብዙም አይበልጥም። ውስጡ ጨዋማ ውሃ፣ ሁለት ዓሣ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣና ወደ አሥራ አምስት የሚጠጉ ኮራሎች አሉ።

ዛሬ ስለዚህች ገንዳ ልጽፍ ነው። በዚህ ቻናል ስለ ጦርነት፣ ስለ ምርጫና ስለ ዶላር ምንዛሬ ሳወራ የለመዳችሁኝ «ይህን ሰው ምን ነካው?» ማለታችሁ አይቀርም። ግን ስለ መረጋጋትና ስለ ችኮላ ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ይህች ገንዳ ናት። ደግሞም ሁላችንም ስለምንከራከርበት ስለ ቀይ ባሕር አንድ የምለው ነገር አለኝ። ወደዚያ የምደርሰው ግን በገንዳዋ በኩል ነውና ታገሱኝ።

ከመሠረቱ ልጀምር። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ተክል ይመስላል። እውነቱ ግን እንስሳ ነው። አንድ ኮራል ብለን የምናየው ነገር ብዙውን ጊዜ ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት መንደር ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ አፍ አለው፤ በአፉ ዙሪያ እንደ ጣት የሚዘረጉ ክሮች አሉት። ጠንካራ የሚባሉት ዓይነቶች ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ ይገነባሉ። በዓለም ላይ ያሉት ትልልቅ የኮራል ሪፎች እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ የተሠሩ ናቸው። ሪፎች ከውቅያኖስ ወለል አንድ በመቶ እንኳ አይሸፍኑም፤ ነገር ግን ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ በእነሱ ላይ ተመርኩዘው ይኖራሉ።

ዋናው ነገር ያለው በሥጋቸው ውስጥ ነው። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። አልጌው በብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ከሠራውም አብዛኛውን ለኮራሉ ይሰጣል። ኮራሉ በበኩሉ ማደሪያ ይሰጠዋል፤ ከራሱ የሚወጣውን ቆሻሻም እንደ ማዳበሪያ ያቀርብለታል። አከራይና ተከራይ በሏቸው። ልዩነቱ አንዱ ያለ ሌላው ብዙ መቆየት አለመቻሉ ነው።

የሚያማምረው ቀለም ከዚህ ስምምነት ጋር የተያያዘ ነው። አልጌው ራሱ ቡናማ ነው። አረንጓዴው፣ ሐምራዊውና ብርቱካናማው ቀለም በአብዛኛው ኮራሉ ራሱ ከሚሠራቸው ፕሮቲኖች ይመጣል። አልጌው ከልክ በላይ ሲበዛ ቀለሙን ይሸፍነውና ኮራሉ ቡናማ ይሆናል። አልጌው ሲያንስ ይገረጣል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ስምምነቱ ይፈርስና ኮራሉ አልጌውን ያስወጣዋል፤ ያን ጊዜ ነጩ አጽም በስሱ ሥጋ ውስጥ ወለል ብሎ ይታያል። «ኮራል ነጣ» የሚባለው ይህ ነው። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ ተርቧል። ሙቀቱ ቶሎ ከተመለሰ አልጌው ተመልሶ ሊበዛለት ይችላል። ካልተመለሰለት ይሞታል።

ስለዚህ ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የጤና መግለጫም ነው። ገንዳው አጠገብ ቆሜ ቀለማቸውን ሳይ የማነበው ውሃው ባለፈው ወር እንዴት እንደነበረ ነው።

ገንዳውን የገዛሁት በ2021 መጀመሪያ፣ ኮቪድ ሁላችንንም ቤት ባስቀመጠን ጊዜ ነው። ሠፈር የሚለቅ አንድ ሰው ገንዳውን፣ መብራቱን፣ ፓምፑንና አንድ ባልዲ ድንጋይ በርካሽ ሸጠልኝ። እኔም የዜና ሥራ በሰዓታት ውስጥ ውጤት የሚታይበት ሥራ ስለሆነ፣ ይህም በሳምንት ውስጥ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ለእኛ ንጹሕ የሆነው ውሃ ክሎሪን፣ ፎስፌት፣ አንዳንዴም ከቧንቧው የሚወጣ መዳብ ሊኖርበት ይችላል፤ መዳብ ደግሞ በጣም ጥቂቱ እንኳ ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው። በልዩ ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ወስዶ ለዚሁ የተዘጋጀ የባሕር ጨው መበጥበጥ ያስፈልጋል። ልኩ በአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም ጨው ነው፤ የተፈጥሮ ባሕር ልክ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት መጠበቅ ነው። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ይገድላል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪሠፍሩ ድረስ ሳምንታት ይፈጃል። አምስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ድንጋይ በውሃ ውስጥ ስመለከት ከረምኩ። አንድ ጓደኛዬ ቡና ሊጠጣ መጥቶ «ድንጋይ ማርባት ጀመርክ እንዴ?» ብሎ ስቆብኛል።

ሦስተኛው ትምህርት ትነት ነው። ውሃ ይተናል፤ ጨው አይተንም። ከእኔ ገንዳ በቀን አንድ ሊትር ገደማ ይተናል። በመጀመሪያው ወር የጎደለውን በጨው ውሃ እሞላ ነበር። መለኪያውን ሳየው ጨውነቱ ከቀን ቀን እየጨመረ ሄዷል፤ ትርጉሙ ግን ቆይቶ ነው የገባኝ። የተነነውን መተካት ያለበት ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው። ትልቅ ገንዳ ያለው ሰው ይህን ለሦስት ቀን ቢረሳ ብዙም አይጎዳም። በ75 ሊትር ውስጥ ግን አንድ ቀን መርሳት እንኳ በመለኪያው ላይ ይታያል። ብዙ ሰው «ትንሽ ስለሆነ ይቀለኛል» ብሎ በትንሽ ገንዳ ይጀምራል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትንሽ ውሃ ስሕተትን የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

ከዚያ ደግሞ የንጽሕና ስሕተት መጣ። እኔ ያደግሁት እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉን አይታ ከማታልፍበት ቤት ነው። ገንዳውንም እንደዚያው አጸዳሁት። ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ እስኪል ድረስ አጣራሁ፤ ዓሦቹንም በቁጥብ መገብኩ። ውሃው እንደ ብርጭቆ ጠራ። ኮራሎቹ ግን ከሳምንት ሳምንት ገረጡ። በእነሱ ሥጋ ውስጥ ያለው አልጌም መብላት እንዳለበት ረስቼዋለሁ። ለዓሦቹ ምግብ ስጨምር፣ ማጣሪያውን ስቀንስ፣ ናይትሬቱ ወደ 5፣ ፎስፌቱ ወደ 0.05 ሚሊግራም በሊትር ሲጠጋ አረንጓዴውና ሐምራዊው ተመለሰ። ከዚያ እጅግ ሲያልፍ ደግሞ ድንጋዩን አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ አልጌ ይሸፍነዋል፤ ኮራሉም ይታፈናል። የ0.05 ልክ በ75 ሊትር ውስጥ ሲሰላ በጠቅላላው አራት ሚሊግራም የማይሞላ ፎስፌት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ግን በ2022 የሠራሁት ነው። ጥቃቅን ቅርንጫፍ ያላት፣ ሮዝ ቀለም ያላት አንዲት ጠንካራ ኮራል ነበረችኝ። የወፍ ጎጆ ነው የሚሏት። ስገዛት አውራ ጣቴን አታህልም ነበር፤ በዓመት ውስጥ ጡጫ አከለች። የዕለቱን ሥራ ስጨርስ ወንበር ስቤ እሷን የማየት ልማድ ነበረኝ።

አንድ ምሽት የውሃውን አልካሊኒቲ ለካሁ። አልካሊኒቲ ማለት ኮራል አጽሙን የሚሠራበት የካርቦኔት ክምችት ነው፤ በልማድ ዲግሪ በሚባል ልክ ይለካል። የእኔ 6.8 አለ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሰው በጣም የሚያምር ገንዳውን ፎቶ ለጥፎ «የእኔ 9 ነው» ብሎ ነበር። እኔም 9 ፈለግሁ። በዚያው ምሽት ፈሳሹን ለክቼ፣ በአንድ ጊዜ ጨመርኩት። ሂሳቡንም አሳስቼው ኖሮ ጠዋት ስለካ ከ10 በላይ ሆኗል።

በአራተኛው ቀን ከሥሯ ጀምሮ ሥጋዋ መላጥ ጀመረ። በሳምንቱ ነጭ አጽም ብቻ ቀረ። ይህ መንጣት አይደለም፤ የነጣ ተስፋ አለው። ይህ ሞት ነው።

በኋላ ሳጠና የተፈጥሮ ባሕር አልካሊኒቲ ወደ 7 ገደማ መሆኑን አወቅሁ። ማለትም ውሃዬ ምንም አልጎደለውም ነበር። ኮራሏ በ6.8 ዓመት ሙሉ አድጋለች። የገደላት 6.8ም ሆነ 10 አይመስለኝም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ ሌሊት መወሰዷ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች በቀን ከአንድ ዲግሪ በላይ አትቀይር ይላሉ። እኔም ይህን አንብቤ አውቅ ነበር። ማወቅና መታገስ የተለያዩ ናቸው።

አባቴ ሊጠይቀኝ የመጣው በሜይ 2023 ነው። በመጀመሪያው ምሽት እራት ከበላን በኋላ ሳሎን ገብቶ ገንዳው ፊት ቆመ። ብዙ ጊዜ ቆመ። ዤኒያ የምትባል ለስላሳ ኮራል አለችኝ፤ ፖሊፖቿ እጅ እየተጨበጠ እንደሚፈታ ያለማቋረጥ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። አባቴ በጣቱ ወደ እሷ እያመለከተ «ይህችን አውቃታለሁ» አለ።

አባቴ የባሕር ኃይል ሜካኒክ ነበር። ከ1970 ጀምሮ ምጽዋ በ1982 ዓ.ም የካቲት ከመንግሥት እጅ እስክትወጣ ድረስ የጀልባ ሞተር ሲጠግን ኖሯል። ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ ተበተነ፤ ባሕር ኃይሉም ቀረ። እሱም አዲስ አበባ ተመልሶ የሚኒባስ ሞተር ሲጠግን አሳደገኝ። ስለ ጦርነቱ ብዙም አይናገርም። ስለ ባሕሩም ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በዚያ ምሽት ተናገረ። እረፍት ሲኖራቸው ከምጽዋ ትይዩ ወዳለችው ግሪን አይላንድ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት እየተሻገሩ ይዋኙ እንደነበር፣ የዋና መነጽር ያለው አንድ ሰው ብቻ ስለነበር በተራ እየተቀባበሉ ወደ ታች ያዩ እንደነበር ነገረኝ። «ከላይ ውሃ ነው። አንገትህን ስትደፋ ግን ገበያ ነው፤ የመርካቶን ቅዳሜ የመሰለ» አለ።

መደርደሪያዬ ላይ ከገንዳው ጋር አብሮ የመጣ የሞተ ኮራል አጽም አለ፤ ገጹ ሁሉ ኮከብ ኮከብ ነው። አንስቶ በመብራት ሲያገላብጠው ፊቱ ተለወጠ። የምጽዋ አሮጌ ቤቶች ግድግዳ እንዲህ ያለ ኮከብ እንዳለበት ያስታውሳል። እሱ ግንበኛ የቀረጸው ጌጥ ይመስለው ነበር። እውነቱ ግን የድሮዋ ምጽዋ ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ኮራልን ተደግፎ ቆሞ አላወቀም። «ይኼ እንስሳ ነበር ነው የምትለኝ?» እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገንዳው የሁለታችን ሆነ። ጠዋት እኔ ሳልነሳ የተነነውን ውሃ ይሞላል፤ ሙቀቱን ያነባል። ለዚህ ነው አትላንታ ስሄድ ሳልሰጋ የተውኩለት።

ያ ጁላይ ለኮራል ክፉ ወር ነበር። በጁላይ 24 ቀን ደቡብ ፍሎሪዳ ማናቲ ቤይ የሚባል ቦታ ያለ መለኪያ የባሕሩን ውሃ 38.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብሎ መዘገበ። ጥልቀት የሌለው፣ ጭቃ የበዛበት ባሕረ ሰላጤ ስለሆነ የሪፉ ሙቀት በቀጥታ ይህ ነበር ማለት አይደለም፤ ግን ሪፎቹም ተቃጥለዋል። የፍሎሪዳ የኮራል ተንከባካቢዎች ለዓመታት በባሕር ውስጥ ያሳደጓቸውን ኮራሎች በሺዎች እየነቀሉ የብስ ላይ ወዳሉ ገንዳዎች ሲያጓጉዙ አነበብኩ። ባሕሩ ለባሕር ፍጥረት የማይመች ሆኖ፣ ሰው በገንዳ ሊያስጠልላቸው ሮጠ። በሆቴሉ አልጋ ላይ ይህን እያነበብኩ ሳለሁ ነው አባቴ የደወለው።

የአፓርታማው ኤሲ ተበላሽቷል። ውጪው ሙቀት ነው፤ የገንዳው መብራትና ፓምፕ ራሳቸው ያሞቃሉ። ኮራሎቼ የለመዱት 25 ከ6 ነው። 31 ከ4 ሆኗል። አባቴ እንደነገረኝ ዤኒያዋ መጨበጧን አቁማለች፤ ረጅም ክር ያለው ችቦ የሚሉት ኮራል ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«በረዶ አለ ፍሪጅ ውስጥ! ገልብጠህ ጨምርበት!» አልኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ትንሽ ዝም አለ። «የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ደፍተህ ታውቃለህ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ይኼ ሞተር አይደለም!»

«አይደለም። ሞተር ብረት ነው። ብረቱ እንኳ ይሰነጠቃል። ብረት ያልቻለውን ይህ ለስላሳ ነገር ይችለዋል?»

ልክ ነበር። የወፍ ጎጆዋን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም ያንኑ ልደግመው ነበር። በረዶው ቀልጦ ጨውነቱንም ያወርደው ነበር። ትንፋሼን ሰብስቤ አብረን ማሰብ ጀመርን። መብራቱን አጠፋ። ክዳኑን አነሳ። የሞቀ ውሃ ኦክሲጅን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ ፓምፑ የውሃውን ፊት በደንብ እንዲያናውጥ ወደ ላይ አዞረው። መኝታ ቤት ያለውን ቬንትሌተር አምጥቶ በውሃው ላይ አስነፈሰ፤ ትነት ሙቀት ይዞ ይሄዳልና። ክዳናቸው የተዘጋ የውሃ ፕላስቲኮችን ፍሪዘር ውስጥ አስገብቶ፣ ሲረጉ አንዱን ብቻ ገንዳው ውስጥ አንሳፈፈ፤ ሙቀቱ በሰዓት ከግማሽ ዲግሪ በላይ ሲወርድ ፕላስቲኩን እያወጣ፣ ሲቆም እየመለሰ አደረ። የተነነውን በንጹሕ ውሃ በትንሽ በትንሹ ተካ።

ቤት ስመለስ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር አገኘሁ። በየሰላሳ ደቂቃው ሙቀቱን ጽፏል፤ በባሕር ኃይል የሞተር መዝገብ እንደሚያዘው፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር። ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ 31.4። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ 26.1። በመሐል አንድም መስመር አልተዘለለም። የ65 ዓመት ሰው ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም።

ሁሉም አልተረፉም። ችቦው በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። ብርቱካናማዋ ሞንቲፖራ ገረጣች፤ ቀለሟ የተመለሰው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። በእነዚያ ወራት ምንም ተአምር አላደረግሁም። መብራቱን ቀነስኩ፣ በሳምንት አሥር በመቶ ውሃ ቀየርኩ፣ ጨውነቱንና ሙቀቱን ባሉበት አቆየሁ፣ እጄንም ሰበሰብኩ። ዤኒያዋ ግን በማግስቱ መጨበጥ ጀምራለች። አባቴ በስልክ ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

አሁን ወደ ቀይ ባሕር ልሻገር።

አባቴ በመስከረም ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። በኦክቶበር 2023 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር ያደረጉት ንግግር በቴሌቪዥን ተላለፈ። ጃንዋሪ 2024 ላይ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ እኔም በዚህ ቻናል ብዙ ጽፌበታለሁ፤ እናንተም ብዙ ሰድባችሁኛል። ዛሬ ስለ ወደብ አልከራከርም። አንድ ነገር ብቻ ላስተውላችሁ፤ በዚያ ሁሉ ክርክር፣ በእኔም ጽሑፎች ውስጥ ጭምር፣ ባሕር ማለት መንገድ፣ ኮንቴነርና የጦር መርከብ ነበር። ውስጡ ሕይወት ያለበት ቦታ መሆኑን አንድም ቀን አላነሳሁም። አባቴ በስልክ «ሁሉም ስለ በሩ ያወራል፤ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ የሚጠይቅ የለም» ብሎኛል።

በዚያው ጊዜ የሁቲ ታጣቂዎች መርከቦችን ይመቱ ነበር። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024 ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ተመታች፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ስትንሳፈፍ ቆይታ በማርች 2 በደቡብ ቀይ ባሕር ሰጠመች። የጫነችው ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ነበር፤ አሞኒየምና ፎስፌት ያለበት። ዜናውን በሙያዬ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። የመድን ዋጋ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ የሱዌዝ ገቢ እያልኩ አልፌዋለሁ። አንድ ምሽት ገንዳዬን ስለካ ፎስፌቱ ትንሽ አልፎ አየሁና ያ ቁጥር ትዝ አለኝ። እኔ እዚህ ከአራት ሚሊግራም ጋር እጣላለሁ፤ እዚያ አባቴ በዋኘበት ባሕር ውስጥ አንድ ሙሉ የማዳበሪያ መርከብ ተኝቷል።

ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም። ባሕር ሰፊ ነው፤ ሞገድ አለው፤ ያቀልላል፤ ያንሸራሽራል። ግን ከጎኑ ሪፍ ካለ፣ ማዳበሪያ ለሪፍ ምን ማለት እንደሆነ ገንዳ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል።

የቀይ ባሕር ኮራል ደግሞ ተራ ኮራል አይደለም። ተመራማሪዎች እንደሚሉት በሰሜኑ ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉት ኮራሎች ከለመዱት በላይ የሆነ ሙቀትን ከሌላው ዓለም ኮራሎች በተሻለ ይቋቋማሉ። አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ካለፈው የበረዶ ዘመን በኋላ ወደ ቀይ ባሕር የገቡት ኮራሎች በባብ ኤል መንደብ በር አልፈው ሞቃቱን ደቡብ ማቋረጥ ነበረባቸው፤ ያንን ያልቻለው እዚያው ቀረ፤ የቻለው ወደ ሰሜን ተሻገረ። እኛ የምንጨቃጨቅበት በር እነሱን ያጣራቸው በር ነው። በኤፕሪል 2024 ዓለም ለአራተኛ ጊዜ በአጠቃላይ የኮራል መንጣት ውስጥ መሆኗ በይፋ ተነገረ። ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ከዓለም ሪፎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለመንጣት በሚያደርስ ሙቀት ተመትተዋል። በእንዲህ ያለ ዘመን ሙቀት የሚችል ኮራል ያለበት ባሕር ለዓለም ሁሉ መጠባበቂያ ነው። ወደቡ የማንም ይሁን የማን፣ ከዳርቻው ያሉትና ዳርቻውን የሚመኙት ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ይመስለኛል።

«አንተ ራስህ ኮራል ከባሕር አስነቅለህ ሳሎንህ ያስቀመጥክ፣ ለሌላው ትሰብካለህ?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ድንጋያማ ኮራሎች በዓለም አቀፉ የሳይቲስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ከሀገር ሀገር አይሻገሩም። ፈቃድ ግን ሁሉን አይመልስም። እኔ አሁን ከባሕር የተነቀለ አልገዛም። ኮራል ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ያድጋል፤ ያሉኝ አብዛኞቹ እዚሁ በሰዎች ገንዳ ካደጉ እናቶች የተቆረጡ ናቸው። እኔም የዤኒያዬን ቁራጭ ለስድስት ሰው ሰጥቻለሁ። የገደልኳት የወፍ ጎጆ ግን በምንም አትመለስም። አጽሟን መደርደሪያው ላይ ከኮከባማው ጎን አስቀምጬዋለሁ።

መጀመር የምትፈልጉ ካላችሁ ምክሬ አጭር ነው። ገንዘባችሁ እስከፈቀደ ትልቅ ውሃ ያዙ። ሙቀት፣ ጨውነትና አልካሊኒቲ ከማማራቸው ይልቅ አለመዋዠቃቸው ይበልጣል፤ የሌላ ሰው ቁጥር አታሳድዱ። በለስላሳ ኮራሎች ጀምሩ። አዲስ ኮራል ሲገባ መብራቱን ዝቅ አድርጋችሁ በሳምንታት ውስጥ ከፍ አድርጉ። በኮራሎች መካከል ቦታ ተዉ፤ ሌሊት ክራቸውን ዘርግተው ይነዳደፋሉ። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያም አለ፦ ዞአንቲድ የሚባሉት፣ አዝራር የሚመስሉት ውብ ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ አደገኛ መርዝ አላቸው። ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አትንኳቸው፤ ያሉበትን ድንጋይ በጭራሽ አትቀቅሉ፣ በፈላ ውሃም አትጠቡ። እንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ያስገባል።

ከዚህ ውጪ ያለው ትዕግሥት ነው። ትዕግሥት ደግሞ እኛ ዜና ሠሪዎችና እናንተ ዜና አንባቢዎች የሚጎድለን ነገር ነው። ችግር ስናይ ዛሬውኑ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሙሉውን ጠርሙስ መገልበጥ እንወዳለን። እኔ ይህን አድርጌ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።

የአባቴ ደብተር አሁንም ከገንዳው ጎን አለ፤ እኔ ቀጥዬበታለሁ። እሱ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ይደውላል። ስለ ሥራዬ ከመጠየቁ በፊት፣ ስለ ሀገርም ከማውራታችን በፊት የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ስንት ይላል?»

«25 ከ6፣ አባዬ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም 25 ከ6።»

«ጎሽ» ይላል። ከዚያ ወደ ሌላው ወሬ እንገባለን።

መልካም ሰንበት።